ስም ሲጠራ «አቤት» የሚል እንዳይጠፋ፦ ለጅግጅጋና ለአካባቢዋ ከተሞች ወላጆች የአዲስ ዓመት ማሳሰቢያ

በጅግጅጋ፣ በቀብሪበያህ፣ በአውበሬ፣ በቶጎ ውጫሌ፣ በሐርትሼክ፣ እንዲሁም በሲቲ ዞን በሽንሌ፣ በኤረርና በአይሻ የምትኖሩ ወላጆች፣ አሳዳጊዎችና ጎረቤቶች፤ ይህን ማሳሰቢያ የጻፍነው እንደናንተው ልጆቻችንን በየጠዋቱ ወደ መጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የምንልክ ሰዎች ነን። ማንንም ለመውቀስ አልተነሣንም። ሁላችንም ለልጆቻችን በጎውን እንመኛለን። ነገር ግን መስከረም ሲገባ ሁላችንም በየፊናችን ስንሯሯጥ ከመካከላችን የሚጠፋ ልጅ አለ፤ ስለዚያ ልጅ እንነጋገር።

መስከረም በእኛ ሰፈር ብዙ ነገር ይዞ ይመጣል። ለከፊሎቻችን እንቁጣጣሽ ነው፤ ቄጠማ ይጎዘጎዛል፣ ሴት ልጆች በየደጁ ይዘፍናሉ። ከብትና ግመል ላለው ቤተሰብ የከረን ዝናብ የሚያበቃበት፣ ሣሩ ወዳለበት የሚነሡበት ጊዜ ነው። ማሽላና በቆሎ ለዘራው እሸቱ ከወፍና ከዝንጀሮ የሚጠበቅበት ሰሞን ነው። በቶጎ ውጫሌ ለሚነግደው ደግሞ ገበያው አይቆምም። የትምህርት ቤቱ ደወል የሚደወለው ይህ ሁሉ ሥራ በተደራረበበት ወቅት ነውና አንዳንዱ ልጅ «ከሁለት ሳምንት በኋላ ይጀምራል» እየተባለ ይቀራል። ሁለቱ ሳምንት ወር ይሆናል፤ ወሩ ዓመት ይሆናል።

በ2012 ዓ.ም. መጋቢት በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ያየነውን አንርሳ። በ2013 ዓ.ም. በሩ እንደገና ሲከፈት ሁሉም ልጅ አልተመለሰም። ሱቅ የገባው ሱቅ ቀረ፤ ከብት የሚጠብቀው ከብቱን ተከትሎ ሄደ፤ የተዳረችም አለች። ልጅ ከትምህርት ገበታ ሲርቅ ቦታውን የሚይዝ ሌላ ሥራ አይጠፋም፤ የያዘውን ሥራ ማስለቀቅ ግን ከባድ ነው።

ከምዝገባው እንጀምር

እናድርግ፦

• ምዝገባ እንደተከፈተ ልጃችንን እናስመዝግብ፤ ትምህርት ቤቱ ስንት መምህርና ስንት ዴስክ እንደሚያስፈልገው የሚያውቀው ከመዝገቡ ነው።

• 7 ዓመት የሞላውን ልጅ 1ኛ ክፍል እናስገባ፤ በ10 ዓመቱ የጀመረ ልጅ ከታናናሾቹ ጋር መቀመጥ ያሳፍረዋልና ቶሎ ያቋርጣል።

• የልደት ምስክር ወረቀቱን፣ የክትባት ካርዱንና የዓምናውን ካርድ በአንድ ፕላስቲክ ጠቅልለን እናስቀምጥ፤ ዝናብ የገባበት ወረቀት የልጁን የዓመታት ድካም ያጠፋል።

• ከሌላ ከተማ ለመጣ ልጅ መሸኛውን ጊዜ ሳንፈጅ እናምጣለት፤ መሸኛ የሌለው ተማሪ ያለፈውን ክፍል እንዲደግም ሊገደድ ይችላል።

• ከገጠር መጥቶ ከአክስቱ፣ ከአጎቱ ወይም ከአያቱ ጋር ለሚኖር ልጅ አንድ ተጠሪ ሰው ከሚሠራ ስልክ ቁጥር ጋር እናስመዝግብ፤ ልጁ ታሞ ቢቀር መምህሩ የሚደውልለት ሰው ይሻል።

ይህ የመጨረሻው በእኛ አካባቢ ከሁሉ በላይ ያስፈልጋል። ብዙ አርብቶ አደር ቤተሰብ ልጁን ለትምህርት ወደ ከተማ የሚልከው ዘመዱን አምኖ ነው። የዘመዱ ቤት ደግሞ የራሱ ልጆች፣ የራሱ ችግር አለበት። ያ ልጅ ማለዳ ውሃ ቀድቶ፣ ሱቅ ጠርጎ፣ ከዚያ በኋላ ነው ደብተሩን የሚያነሣው። በክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋው ልጅ ብዙ ጊዜ እሱ ነው። የአክስቱን ቤት ከመውቀስ ይልቅ ጎረቤት ያግዛት፤ የእርሷን ሸክም ያቀለለ ለልጁ የጥናት ሰዓት ሰጠው።

እንተው፦

• ሰነድ የለውም ብለን ልጅን ከበር አናስመልስ፤ ቤቱን ጥሎ የሸሸ ቤተሰብ ካርድ አንሥቶ አይሸሽም።

• የልጅን ዕድሜ አንጨምር፣ አንቀንስም፤ ዛሬ የተሳሳተው ቁጥር በ8ኛ ክፍል ፈተና ፎርም ላይ ችግር ሆኖ ይመጣል።

• አንዱን ልጅ ሁለት ትምህርት ቤት አናስመዝግብ፤ የሌላውን ልጅ ወንበር መያዝ ይሆናል።

• «ስደተኛ ነው፣ የዚህ አገር ልጅ አይደለም» አንበል፤ የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ስደተኛ ልጅ በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት እንደ ዜጋው እንዲስተናገድ ደንግጓል።

ስለ ስደተኞችና ስለ ተፈናቃዮች የምንለው አለን። የቀብሪበያህ መጠለያ ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ የቆመ ነው። የአውበሬው በ1999፣ የሸደሩ በ2000 ተከፈቱ። በቀብሪበያህ የተወለዱ ልጆች ዛሬ ራሳቸው ወላጅ ሆነዋል። በባቢሌና በጅግጅጋ መካከል ባለው የቆሎጂ መጠለያም በ2009 እና በ2010 ግጭት ከቀያቸው የተፈናቀሉ ቤተሰቦች ልጆች አድገዋል። እነዚህን ሁሉ «እንግዶች» እያልን ከቆየን የገዛ ጎረቤቶቻችን ልጆች ሳናውቃቸው ያድጋሉ።

የመጀመሪያው ወር

ከዚህ ማሳሰቢያ አንድ ነገር ብቻ የሚያዝ ከሆነ ይህ ይሁን፤ በመስከረም የቀሩትን ልጆች በስም እንወቃቸው። መምህሩ ስም ሲጠራ ዝም የሚለው ወንበር ከተማው ውስጥ የሆነ ቤት አለው። ስም ጠሪው መምህር ስድሳ ሰባ ልጅ ይዞ ቤት ለቤት ሊዞር አይችልም። እኛ ግን እንችላለን፤ የቀረችው ልጅ ቤት ከእኛ ቤት ሦስተኛው ሊሆን ይችላል።

እናድርግ፦

• በየሳምንቱ መጨረሻ ከየክፍሉ የቀሩትን ልጆች ስም ከስም ጠሪው መምህር እንቀበል፤ በቶሎ የተጠየቀ ልጅ በቶሎ ይመለሳል።

• ቤቱ ድረስ የሚሄደው ቤተሰቡ የሚያውቀውና የሚያከብረው ሰው ይሁን፤ የማያውቁት ሰው በር ሲያንኳኳ ወላጅ የሚያስበው ቅጣትን ነው።

• መጀመሪያ «ምን ቸገራችሁ?» እንበል፤ መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ጥንድ ጫማ ወይም አንድ የታመመች እናት ነው።

• ቤተሰቡ ከከብቱ ጋር ሊነሣ ከሆነ ልጁ ከማን ጋር እንደሚቆይ አብረን እንምከር፤ ወይም በሚሄዱበት አካባቢ ያለውን የአማራጭ መሠረታዊ ትምህርት ጣቢያ እንጠይቅላቸው፤ ቤተሰቡ ሲንቀሳቀስ ትምህርቱ እንዳይቋረጥ ነው።

• አንድ ወር ዘግይቶ ለመጣ ልጅ የራሳችን ልጅ ደብተሩን ያውሰው፤ ያመለጠውን ትምህርት ሳይገለብጥ ከተቀመጠ በሁለተኛው ሳምንት ተስፋ ይቆርጣል።

እንተው፦

• የቀረን ልጅ ወላጅ በሰው ፊት አናሳፍር፤ የተዋረደ ወላጅ ልጁን ከነጭራሹ ያስቀራል።

• ዘግይቶ የመጣን ልጅ «አሁን ደረስክ?» እያልን አንቀበለው፤ ያ ቃል በሁሉም ልጆች ፊት ስም ይሆንበታል።

• የዩኒፎርም ቀለም አልገጠመም ተብሎ ልጅ ወደ ቤት እንዳይመለስ እንነጋገር፤ ጨርቁ እስኪሰፋ ትምህርቱ ይቆያል ማለት አይደለም።

ስለ ዩኒፎርም ትንሽ እንጨምር። የታላቁ የጠበበው ዩኒፎርም ለሌላ ሰው ልጅ ልክ ነው። በየሰፈሩ አንድ እናት ቤት ጠባቡን ሁሉ አሰባስበን፣ አጥበን፣ ቁልፉን ተክተን ማዳረስ እንችላለን። የሚወስደው ማን እንደሆነ ለልጆቹ አይነገር። ሕፃናት በአለባበስ ይተራረባሉ፤ የተቀደደ ሸሚዝን ያየ ሁሉ ያስታውሰዋል።

መንገዱ

ይህ ክፍል ረዘም ይላል፤ የምናጣቸውን ልጆች የምናጣው ብዙውን ጊዜ መንገድ ላይ ነውና።

እናድርግ፦

• በመጀመሪያው ሳምንት 1ኛ ክፍል የገባውን ልጅ ራሳችን ይዘን እንሂድ፤ መንገዱን ከእኛ ጋር የለመደ ልጅ መሻገሪያውን አይስትም።

• ከዚያ በኋላ የሰፈሩ ልጆች በቡድን ይሂዱ፣ ከ5ኛና ከ6ኛ ክፍል አንድ ታላቅ ይቅደማቸው፤ ብቻውን የሚሄድ ሕፃን ለሾፌርም አይታይም።

• የባጃጅ አሽከርካሪዎቻችንን በስማቸው እንወቅና እንነጋገራቸው፤ የማንን ልጅ እንደጫነ የሚያውቅ ወጣት ሲታጠፍ ይጠነቀቃል።

• ከትምህርት ቤት ደጅ ፊት ለፊት መኪናና ባጃጅ አናቁም፤ ልጆች ከቆመ መኪና ጀርባ ድንገት ብቅ ስለሚሉ ሾፌሩ የሚያያቸው ፍሬን በማይደርስበት ርቀት ነው።

• የቢርካችንን ዙሪያ በእሾህ ወይም በቆርቆሮ እንጠር፣ ክዳኑንም እንዝጋ፤ በከረን መጨረሻ ቢርካው ሙሉ ነው፣ ውሃ ሊጠጣ ያጎነበሰ ልጅ መውጫ የለውም።

• በዝናብ ሰሞን ደረቅ ወንዝ የሚሻገሩትን ልጆች አንድ አዋቂ ይጠብቃቸው፤ ጎርፉ የሚመጣው ዝናቡን ከማናይበት ደጋ ነው።

እንተው፦

• ለሦስት ሰው በተሠራ ባጃጅ ስምንት ልጅ አንጫን፤ ሒሳቡ ይረክሳል፣ አደጋው ግን የስምንት ቤተሰብ ይሆናል።

• ልጆች በባቡር ሐዲድ ላይ እንዲሄዱ አንፍቀድ፤ አዲሱ ባቡር ቀርቦ ካልሆነ አይሰማም።

• ልጆች ወድቆ ያዩትን ብረት እንዲያነሡ ወይም ለቆራሊዮ እንዲሸጡ አናበረታታ፤ ከጦርነት የተረፈ ፈንጂ ሊሆን ይችላል።

• ወደ ቶጎ ውጫሌ በሚወስደው አስፋልት ዳር ልጆች ኳስ እንዲጫወቱ አንተው፤ የጭነት መኪና የሚቆመው ካሰበበት አልፎ ነው።

ስለ ጎርፉ የድሬዳዋ ሰዎች ይመስክሩ። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ደረቅ በነበረው ደቻቱ ወንዝ ሌሊት የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። ከተማው ውስጥ የተኛ ሰው ደጋው ላይ ምን ያህል እንደዘነበ አላወቀም ነበር። በሽንሌና በኤረር በኩል ያሉ ልጆች በየቀኑ የሚሻገሩት አሸዋ እንደዚያው ነው።

የሲቲ ሽማግሌዎች ሐዲዱን ከልጅነታቸው ያውቁታል። አሮጌው የጂቡቲ ባቡር አዝጋሚ ነበር፣ ድምፁም ከሩቅ ይሰማ ነበርና በሐዲዱ ዳር መሄድ ልማድ ሆኖ ቀረ። በ2010 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡር እንደዚያ አይደለም፤ ፈጥኖ ይደርሳል። አያቶች ለልጅ ልጆቻቸው የቆየውን ልማድ ሲነግሩ ይህንንም ይጨምሩላቸው።

ፈንጂውም እንዲሁ ነው። በ1969 እና በ1970 በተደረገው ጦርነት ካራማራና የጅግጅጋ ዙሪያ የውጊያ ሜዳ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ብዙ ተጠርጓል፤ ነገር ግን ዝናብ አፈሩን ሲያጥበው የተደበቀ ብረት ብቅ ሊል ይችላል። ለልጆቻችን የምንሰጠው ትእዛዝ አጭር ይሁን፦ አትንካ፣ ቦታውን አስታውስ፣ በመጣህበት ተመለስ፣ ለትልቅ ሰው ንገር። ይህን ከብት ለሚጠብቁት ልጆች ደግመን ደጋግመን እንንገር፤ ከመንገድ ርቀው የሚውሉት እነሱ ናቸው።

በአንድ ግቢ

በሐምሌ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. ጅግጅጋ ላይ የደረሰውን ሁላችንም እናውቃለን። ሰው ሞተ፣ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፣ ሱቆች ተዘረፉ፣ ቤተሰቦች በቤተ ክርስቲያን ግቢ ተጠለሉ። አዲሱ ዓመት 2011 የገባው ከዚያ አምስት ሳምንት በኋላ ነበር። በዚያ መስከረም ልጁን ወደ ትምህርት ቤት የላከ ወላጅ ምን ያህል እንደፈራ ያለፈበት ያውቀዋል። ያኔ 1ኛ ክፍል የነበሩት ልጆች ዛሬ ጎረምሶች ናቸው። ከእነሱ በኋላ የመጡት ደግሞ ያንን ቀን አያውቁትም፤ የሚያውቁት እኛ ማጀት ውስጥ የምናወራውን ነው። ስለዚህ ስለምናወራው እንጠንቀቅ።

እናድርግ፦

• ልጃችን ከእኛ ሃይማኖትና ቋንቋ ውጭ የሆነ ቢያንስ የአንድ ጓደኛውን ቤት ይወቅ፣ የጓደኛውን እናትም በአክብሮት ሰላም ይበል፤ የሰው ቤት ሻይ የጠጣ ልጅ ያንን ቤት አይጠላም።

• ሶማልኛ የማይናገር ልጅ ቋንቋውን ከክፍሉ ልጆች እንዲማር እናደፋፍር፤ በክልሉ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአብዛኛው የሚሰጠው በሶማልኛ ነው፣ ከገበያ እስከ ሐኪም ቤትም ያስፈልገዋል።

• አማርኛ የሚከብዳቸውን ልጆች አማርኛ የሚናገሩ ጎረቤቶች በሳምንት አንድ ቀን እንርዳ፤ ድሬዳዋ ወይም አዲስ አበባ ሄደው ሥራ ሲፈልጉ መንገዳቸው ይቀናል።

• በስብሰባ ላይ የተነገረውን ቋንቋውን ለማይሰማው ጎረቤታችን በጆሮው እንንገረው፤ ያልገባው ወላጅ እጁን አውጥቶ ለመጠየቅ ያፍራል።

• ልጆች ሲጣሉ ሁለቱን ወላጆች አንድ ላይ እንጥራ፤ ለየብቻ የተነገረ ነገር ሁለት ታሪክ ይሆናል።

እንተው፦

• የልጆችን ጠብ የብሔር ወይም የጎሣ ጠብ አናድርገው፤ ልጆቹ በነጋታው ይታረቃሉ፣ አዋቂዎቹ ግን ቂሙን ያቆዩታል።

• በልጅ ፊት የጎረቤትን ሃይማኖትና ዘር አናንኳስስ፤ ማታ የሰማውን ጠዋት ክፍል ውስጥ ይደግመዋል።

• ያልተጣራ ወሬ በስልክ አንቀባበል፤ አንድ መልእክት የትምህርት ቤት ግቢን በግማሽ ሰዓት ባዶ ያደርገዋል፣ በሩጫውም የሚረገጡት ትንንሾቹ ናቸው።

ዱግሲና ትምህርት ቤት

አብዛኞቹ ሙስሊም ልጆቻችን የቁርኣን ዱግሲም የትምህርት ቤቱም ተማሪዎች ናቸው። ብዙዎቹ ፊደል ከመቁጠራቸው በፊት ሱራ ይሐፍዛሉ፤ ይህ የማስታወስ ችሎታቸውን ያዳብርላቸዋል። የሚያስቸግረው ሰዓቱ ሲጋጭ ነው።

• ርዕሰ መምህሩና መዓሊሙ በመስከረም መጀመሪያ ተቀምጠው የፈረቃውን ሰዓት ይስማሙ፤ ልጁ ከሁለቱ አንዱን እንዲሰርቅ አናስገድደው።

• ልጁ ከዱግሲ ወደ ትምህርት ቤት ሲሻገር ምሳውን የሚበላበት ጊዜ ይኑረው፤ የራበው ልጅ ሁለቱንም አይሰማም።

• አንዱን ትምህርት በሌላው ላይ አናዋርድ፤ ልጁ ሁለቱንም መምህሮቹን ሊያከብር ይገባል።

• ሰንበት ትምህርት ቤት ለሚሄዱት ልጆችም ይኸው ይሁን፤ የእሑድ ድካም ሰኞን እንዳይበላው።

ውሃ፣ ገበያና ሴት ልጆቻችን

ውሃ በጠፋ ጊዜ ጀሪካን ተሸክማ የምትወጣው ብዙውን ጊዜ ሴቷ ልጅ ናት። ወንድሟ ደግሞ በአህያ ጋሪ ውሃ ይሸጣል፣ ወይም ጫማ ይጠርጋል፣ ወይም ሸቀጥ ያወርዳል። ቤተሰብ ሲቸግረው ልጅ ማገዙ ያለ ነው፤ አንክድም። የምንጠይቀው ሰዓቱ እንዲስተካከል ነው።

እናድርግ፦

• ውሃ የመቅዳቱ ተራ ለወንድም ለሴትም ይሁን፤ ሸክሙ በአንድ ትከሻ ከቀረ ትምህርቷ ይቀራል።

• ጋሪ የሚነዱ ልጆች ያሉበት ቤት ሥራው ከትምህርት ሰዓት ውጭ እንዲሆን ከደንበኞቹ ጋር ይነጋገር፤ ደንበኞቹ እኛው ነን፣ ከሰዓት በኋላ ብንገዛም ውሃው ያው ውሃ ነው።

• የሴቶች መጸዳጃ ቤት መዝጊያና መቆለፊያ ከትምህርት መጀመሪያ በፊት ይሠራ፤ ከፍ ያሉት ሴቶች በየወሩ ለቀናት የሚቀሩት በዚህ ምክንያት ነው።

• ልጅቷ በምትቀርባት ሴት በኩል የንጽሕና መጠበቂያ ታግኝ፤ ለአባቷ መንገር የምትችል ጥቂት ናት።

እንተው፦

• በትምህርት ሰዓት ከልጅ አንግዛ፤ የምንከፍለው ብር ከክፍል ያወጣዋል።

• ሴት ልጅን «ይብቃት፣ ማንበብ ችላለች» ብለን ከ4ኛ ወይም ከ5ኛ ክፍል አናስቀር፤ ነገ የጤና ባለሙያ ሆና እናቶቻችንን የምትረዳው በትምህርቷ ከቀጠለች ብቻ ነው።

• በክረምቱ የታጨችን ልጅ ዝም ብለን አናሳልፍ፤ ሽማግሌዎችና የሃይማኖት አባቶች በጊዜ ከደረሱ ቤተሰቡ ብዙ ጊዜ ይሰማቸዋል።

ስብሰባና መዋጮ

የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት ስብሰባ ሲጠራ ብዙዎቻችን የምንሄደው «ብር ሊጠይቁን ነው» እያልን ነው። ይህ ስሜት የመጣው ባልተነገረ ሒሳብ ነው። ስለዚህ ሁለቱም ወገን ቢያስተካክል ይሻላል።

• ከዓመቱ የመጀመሪያ ስብሰባ አንቅር፤ ዓመቱን ሙሉ የምናማርርበት ነገር የሚወሰነው እዚያ ነው።

• አባቶችም እንምጣ፤ እናቶች ብቻቸውን የሰሙትን ቤት ገብተው ማስወሰን ይቸግራቸዋል።

• የስብሰባው ሰዓት ከሶላትና ከገበያ ቀን ጋር እንዳይጋጭ እንጠይቅ፤ ባዶ ወንበር የወሰነው ውሳኔ አይጸናም።

• የኅብረቱ አባላት የዓምናውን መዋጮ ገቢና ወጪ በወረቀት ጽፈው በግቢው ሰሌዳ ይለጥፉ፤ የታየ ሒሳብ ሐሜትን ያስቀራል።

• ብር ያነሰው አናጢ ጉልበቱን፣ ግንበኛው ሙያውን፣ ነጋዴው ቆርቆሮና ምስማር ያምጣ፤ የተሰበረ ዴስክ በአንድ ቅዳሜ ይጠገናል።

• መዋጮ ያልከፈለን ወላጅ ልጅ ከክፍል አናስወጣ፣ ሲወጣም ዝም አንበል፤ ዕዳው የወላጁ ነው፣ ልጁ የሚያጣው ግን ትምህርቱን ነው።

ለመምህሮቻችን

ጅግጅጋ ካለው የዶክተር አብዱልመጂድ ሁሴን የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ተመርቆ የሚወጣው ወጣት መምህር ዘመድ ወደሌለው ከተማ ሊመደብ ይችላል። ቤት ይከራያል፣ ውሃ ይገዛል፣ ደመወዙ እስኪደርስ ይበደራል። በዓመቱ አጋማሽ መልቀቂያ ጠይቆ ሲሄድ «ልጆቻችንን ጣለ» እንላለን፤ እስኪ እኛ እንዴት ተቀበልነው?

• አዲስ መምህር ሲመጣ በተመጣጣኝ ኪራይ ክፍል እናፈላልግለት፤ ማደሪያ ያገኘ መምህር ዓመቱን ይጨርሳል።

• የመጀመሪያውን ሳምንት ምሳ በተራ እንጥራው፤ የቤታችንን ጓዳ ያየ መምህር የልጃችንን ችግር ይረዳል።

• ቅሬታ ካለን ለብቻው፣ በለሆሳስ እንንገረው፤ በልጆች ፊት የተሰደበ መምህር ቃሉ አይሰማም።

• ልጃችንን እንዲመታልን አንለምነው፤ የተመታ ልጅ ትምህርቱን ከሕመሙ ጋር አያይዞ ይሸሸዋል።

• መማሪያ መጽሐፉን በጋዜጣ ወይም በፕላስቲክ እንለብጠው፣ ዓመቱ ሲያልቅም እንመልሰው፤ በየክፍሉ የመጽሐፍ እጥረት አለ፣ የሚቀጥለው ልጅ ይጠብቀዋል።

ማንበብ ላይ ማገዝ የሚችል ሁሉ ያግዝ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በ2015 ሲነገር በመላ አገሪቱ ግማሽ ያመጣው ከመቶ 3.3 ተማሪ ብቻ ነበር። ያ ውጤት 12ኛ ክፍል ላይ አልተጀመረም። 2ኛ ክፍል ሆኖ ማንበብ ያልቻለ ልጅ በየዓመቱ እያለፈ እዚያ የደረሰ ነው። ማንበብ የማንችል ወላጆችም ቢሆን ልጃችን ጮክ ብሎ እንዲያነብልን እንጠይቀው፤ ሲደነቃቀፍ ይሰማናል።

የመክፈቻው ዝግጅት

ብዙ ትምህርት ቤቶች በመስከረም ወላጅን ጠርተው ሻይ ቡና ይላሉ። መልካም ነው፤ ይልመድ። ጥቂት ነገር ብቻ፦

• ሁሉም ልጅ ሊበላው የሚችል ነገር ይቅረብ፤ ዳቦ፣ ሳምቡሳ ያለ ሥጋ፣ ተምር፣ ፈንዲሻና ሻይ ማንንም አያገልም፣ ሥጋ ግን ገበታውን ለሁለት ይከፍላል።

• መዝሙሩና ግጥሙ በሶማልኛም በአማርኛም ይሁን፤ ልጁ ሲያቀርብ ያልገባት እናት በሩቁ ብቻ ትስቃለች።

• ለመስቀል፣ ለመውሊድና ለሌሎች በዓላት የሚቀሩትን ልጆች አስቀድመን እናሳውቅ፣ በዚያ ቀንም ፈተና አይሰጥ፤ መውሊድ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀድሞ ስለሚመጣ ከዓምናው ቀን ጋር አንመካ።

• ከዝግጅቱ በፊት ግቢውን በጋራ እናጽዳ፣ የረጋውን ውሃ እናፍስስ፣ የመጠጥ ውሃ ማጠራቀሚያውን እንጠብ፤ ከዝናቡ ማግሥት የሚመጣው ወባና ተቅማጥ ነው።

• ትኩሳትና ሽፍታ የታየበትን ልጅ ለበዓሉ ብለን አንላክ፤ ኩፍኝ በአንድ ቀን ክፍሉን ያዳርሳል።

ወላጆች ሁሉ በተሰበሰቡበት በዚያ ቀን ከመለያየታችን በፊት በየሰፈሩ ሁለት ሁለት ሰው እንምረጥ፤ አንድ ሶማልኛ፣ አንድ አማርኛ ወይም ኦሮምኛ የሚናገር፣ ከሁለቱ አንዷ ሴት ትሁን። ስልካቸውን ለየክፍሉ ስም ጠሪ መምህር እንስጥ። የመጀመሪያው ሳምንት ዓርብ ከሰዓት በኋላ የቀሩትን ልጆች ስም ይቀበላሉ፤ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ ቤት ለቤት ይሄዳሉ።